«እማዬ፣ ላሜን ሸጡብኝ»

የመስከረም አንድ ማለዳ በየደጃፋችን የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጃገረዶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ ሲያዜሙ፣ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ሲሥሉ የሰነበቱትን ሥዕል ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። አንዱ መልአክ፣ አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ አደይ አበባ ሥሏል። በሩን የከፈተው ሰው ሥዕሉን ይቀበላል፣ ጥቂት ብር በልጁ እጅ ያስጨብጣል፣ «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ ይመርቃል። ልጁም ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣል። ሥዕሉ አንዳንዴ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሳምንት በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ የምናወጋችሁ የት እንደገባ ስለታወቀ አንድ ሥዕል ነው።

ስማቸውን እንዳንጽፍ አደራ ያሉን እናት በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው ወደ ዝግጅት ክፍላችን ሲመጡ ሁለት ነገር ይዘው ነበር፤ አንደኛው የአዲስ ዓመት የመልካም ምኞት መግለጫ ካርድ፣ ሁለተኛው በስልካቸው ያስቀመጡት ፎቶግራፍ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ አደረጓቸውና «እስኪ አንቺው ፍረጂ» አሉኝ።

በፎቶግራፉ ላይ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሥዕሉን ደረቱ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ሥዕሉ የጎጆ ቤትና በደጃፉ የቆመች ቀይ ላም ናት። ከላሚቱ ራስ ላይ፣ በሁለቱ ቀንዶች መካከል፣ አደይ አበባ በቅሏል። በሥዕሉ ጥግ ልጁ ስሙን ጽፏል፤ የመጨረሻዋን ፊደል ግን ገልብጧታል። ካርዱ ላይም ያችው ላም፣ ያው ጎጆ አሉ። ነገር ግን አበባው ከራሷ ላይ ወርዶ ከእግሯ ሥር ተነጥፏል፤ ጥግ ላይ የነበረው ስምም የለም። በስሙ ቦታ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል በወርቃማ ቀለም ታትሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሥዕሉን ይዞ ከዞረባቸው ቤቶች አንዱ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ያላቸው የአንድ ጎረቤት ቤት ነበር። ጎረቤቱ በላሚቱ ተደስተው ሃያ ብር ሰጡት። ልጁ በዚያ ቀን ከየትም ቤት ሃያ ብር አላገኘም ነበርና እየዘለለ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። ዓመቱ ሊዞር ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከእናቱ ጋር ደብተር ሊገዛ ወደ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገባ። ካርዱ በመስታወቱ ውስጥ ተደርድሯል። እናቲቱ እንደነገሩኝ ልጁ ለጥቂት ጊዜ ፈዝዞ ቆመ፤ ከዚያም «እማዬ፣ ላሜን ሸጡብኝ» ብሎ አለቀሰ።

እናትየው ወደ ጎረቤታቸው ሄዱ። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደሉም። በአንድ እድር ናቸው፤ የእናትየው እናት ሲያርፉ ድንኳን ሲተክሉ ካደሩት አንዱ እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?» ቢሏቸው የምር ተገረሙ። «ገዝቼዋለሁ እኮ እኅቴ! ሃያ ብር ከፍዬበታለሁ። ደግሞስ የልጅ ሥዕል አይደለም እንዴ?» አሏቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ይህን ስሰማ ለአፍታ ያህል ሰውዬው ልክ መሰሉኝ። እናንተም እንዲሁ ሳትሉ አልቀራችሁም። ሃያ ብር ከፍለዋል፤ ሥዕሉን ተቀብለዋል፤ ታዲያ ምን ቀረ?

ወረቀቱና ሥዕሉ

የቀረው ይህ ነው፤ ሰውዬው የገዙት ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን ግድግዳቸው ላይ ሊሰቅሉት፣ ለወዳጅ ሊሰጡት ይችላሉ። ሥዕሉን አባዝቶ የመሸጥ መብት ግን ከወረቀቱ ጋር አብሮ አልተሸጠም። በካሴት ዘመን አንድ የሙዚቃ ካሴት የገዛች እናት ቤቷ ተቀምጣ ታዳምጥበታለች እንጂ ሺህ ቅጂ አባዝታ መርካቶ እንድትሸጥ አልተፈቀደላትም ነበር። መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ የገዛነውን መጽሐፍ እናነበዋለን እንጂ አናሳትመውም። የሰባት ዓመት ልጅ ሥዕልም በሕግ ፊት ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአገራችን ይህን የሚወስነው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ ወጥ ሆኖ ከተሠራና በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ፣ ጥበቃው የሚጀምረው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የሥራው ጥራትም ሆነ የተሠራበት ዓላማ አይጠየቅም። «የልጅ ሥዕል ነው» የሚለው ቃል ስለዚህ በሕግ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። የባለመብቱ ዕድሜም ቢሆን ገደብ አልተደረገበትም፤ የሣለው ልጁ ነው፣ ባለመብቱም ልጁ ነው። ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይህ ልጅ ሰማንያ ዓመት ቢኖር ቀይዋ ላም ከተሣለችበት ቀን አንሥቶ 123 ዓመት ባለቤት አላት ማለት ነው።

የልጅን ሥዕል ለሚንቁ ሰዎች አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ለብዙ ዓመታት ለዓለም ሕፃናት መርጃ ገንዘብ ያሰባሰበባቸው የመልካም ምኞት ካርዶች የተጀመሩት በአንዲት ትንሽ ልጅ ሥዕል ነው። ልጅቱ የቼኮዝሎቫኪያ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋም እንደ እኛው ልጅ ሰባት ዓመት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድርጅቱ ወተት ላቀረበበት መንደር ልጆች ምስጋና ይሆን ዘንድ፣ በምሰሶ ዙሪያ የሚጨፍሩ ልጆችን ሣለች። ወረቀት ስላልነበረ የሣለችው በመስታወት ላይ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ የመጀመሪያ ካርድ ሆኖ የታተመው ይኸው ሥዕል ነው።

አበባው ለምን ወረደ?

እናቲቱ ገንዘቡን ሲያነሡ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። «ቢሰጡኝ አልጠላም፤ የቤት ኪራይ አለብኝ» አሉኝ። ልጁ ግን ስለ ገንዘብ አንድም ቃል እንዳልተናገረ ነገሩኝ። ሌሊት ሲተኛ የሚደጋግመው ሁለት ነገር ነበር፤ «ስሜን አጠፉት» እና «አበባዋን አወረዱት»። ጎረቤትየው ስለ አበባው ሲጠየቁ «ላም ራስ ላይ አበባ ይበቅላል እንዴ? አስተካከልንለት እንጂ!» ነበር ያሉት።

አዋጁን ገልጬ ሳነብ ልጁ ሳያውቀው የሕጉን ነጥብ እንዳገኘው ተረዳሁ። ሕጉ ለሥራ አመንጪው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራውን የማባዛት፣ የመሸጥ፣ ለሌላ የመፍቀድ መብት። ይህኛው በውል ሊተላለፍ ይችላል። ሁለተኛው የሞራል መብት ይባላል። ሥራው የእኔ ነው ብሎ ስምን የማስጠራት፣ ክብርን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይበላሽ ወይም እንዳይለወጥ የመቃወም መብት ነው። ይህ ሁለተኛው ሠዓሊው በሕይወት እያለ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ጎረቤትየው ሃያ ብር ሳይሆን ሃያ ሺህ ብር ቢከፍሉም እንኳ የልጁን ስም ለማጥፋት ፈቃድ አላገኙም ነበር።

እዚህ ላይ የእኛንም ገበና ልግለጽ። ጋዜጠኞች ስንባል የልጆችን ሥዕል ለገጽ ማድመቂያ እያነሣን «የአንድ ሕፃን ሥዕል» ብለን ብቻ ስናወጣ ኖረናል። ይህች እናት ከሄዱ በኋላ የራሴን የድሮ ገጾች ሳገላብጥ ስሙን ያልጻፍኩለት ልጅ ከአንድ በላይ አገኘሁ።

ማን ይፈርማል?

እንግዲህ ሰውዬው በሕጉ መንገድ ልሂድ ቢሉ ማንን ማነጋገር ነበረባቸው? ልጁ ባለመብት ቢሆንም ዕድሜው 18 ዓመት ስላልሞላ እንዲህ ያለ ውል ብቻውን ሊዋዋል አይችልም። ሥዕሉን በእንቁጣጣሽ ለጎረቤት መስጠቱ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ ለንግድ ሥራ ፈቃድ መስጠት ግን ሌላ ነው። በልጁ ስም የሚፈርመው ሞግዚቱ ነው። በሕግ አነጋገር ሞግዚት ማለት ቤት ውስጥ ልጅ የምትጠብቀው ሠራተኛ አይደለችም፤ የልጁን ንብረትና ጥቅም የሚያስተዳድር ሰው ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ ያሉ አባትና እናት በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው ይላል። ከሁለቱ አንዱ ቢሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን ኃላፊነቱን ይወስዳል። ወላጆች ከተፋቱ ደግሞ ፍርድ ቤት የሰጠውን ውሳኔ ማየት ያስፈልጋል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል በክልል የምትኖሩ እናቶች የአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ።

«በጋራ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ብዙ ጊዜ ወረቀት ሲመጣ አባት ብቻ ይፈርማል፤ እናት የሰማችው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በኛው ታሪክ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። አባትየው በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ እናትየው «እኔ ልፈርምና ይለቅ» ብለው ነበር። ኋላ ግን ባላቸው እስኪመለሱ አሥራ አንድ ቀን ጠበቁ። ደግ አደረጉ። በዐረብ አገር ለሥራ ሄዳ ልጇን ለአያት የተወች እናትም ብትሆን የእናትነት ሥልጣኗ በመሄዷ ብቻ አይቀርም፤ ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ልካ ማስፈረም ትችላለች።

ፈቃዱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል። የግድ በታይፕ የተመታና ባለ ማኅተም መሆን የለበትም። ነገሩ ትልቅ ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ውልና ማስረጃ ሄዶ ማስመዝገብ፣ ሥዕሉንም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ለማስረጃነት ይጠቅማል። ያም ባይሆን እኒህ እናት እንዳደረጉት ሥዕሉ ከእጅ ሳይወጣ ልጁ ይዞት ሳለ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ጎረቤትየው በመጨረሻ የረቱት በዚያች የስልክ ፎቶግራፍ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? ትልቁ ስህተት «ሥዕሉን ለማንኛውም አገልግሎት ለዘለዓለም ሰጥቻለሁ» የምትል አንዲት አረፍተ ነገር ናት። ይህችን አረፍተ ነገር በትምህርት ቤቶች የሥዕል ውድድር ቅጽ ላይ፣ ከታች በደቃቃ ፊደል ተጽፋ አይቻታለሁ፤ «ለውድድሩ የቀረቡ ሥዕሎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» ትላለች። ልጃችሁ እንዲወዳደር ስትፈልጉ ሰርዛችሁ «ለኤግዚቢሽኑ ብቻ» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ አዘጋጁ እምቢ ካለ ያን ጊዜ ትወስናላችሁ። የንግድ ውል ከሆነ ደግሞ የትኛው ሥዕል እንደሆነ (ቅጂው ተያይዞ)፣ በምን ላይ እንደሚታተም፣ ስንት ቅጂ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር፣ ስሙ የት ላይ እንደሚጻፍ፣ ዋናው ሥዕል መቼ እንደሚመለስ በግልጽ ይቀመጥ። ለካርድ የተፈቀደ ላም ለቲሸርት አልተፈቀደችም። የልጁ ፎቶግራፍ ከሥዕሉ ጋር ይውጣ ከተባለም ለብቻው ፈቃድ ይጠየቅ፤ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አባዝቶ መሸጥን ፍትሐ ብሔር ሕጉ በሌላ አንቀጽ ነው የከለከለው።

ሌላም አደጋ አለ። ልጃችሁ የሣለው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የልጆች ፕሮግራም የምናውቃትን ቀጭኔ ከሆነ፣ እናንተ ብትፈቅዱም ብቻውን አይበቃም፤ ቀጭኔዋ የሌላ ሰው ፈጠራ ናትና የእነርሱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

«የገዛ ልጄ ነው፣ ማንን ላስፈቅድ?»

ይህን ጥያቄ ያቀረበችልኝ በቤቷ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምትጠልፍ ወዳጄ ናት። የስድስት ዓመት ልጇ የሣለቻትን ወፍ በቀሚስ ደረት ላይ ጠልፋ ስትሸጥ ገበያ አገኘች። ወረቀት የሚያስፈርማት የለም፤ ሞግዚቷም እሷው ናት። ሕጉ ግን ሞግዚት የልጅን ንብረት ለልጁ ጥቅም እንዲያስተዳድር እንጂ የራሱ እንዲያደርገው አልፈቀደም። እኔ የመከርኳት (ይህ ሕግ ሳይሆን የኔ አስተያየት ነው) ወፊቱ ካለችበት ከእያንዳንዱ ቀሚስ ጥቂት ብር በልጅቱ ስም በተከፈተ የቁጠባ ደብተር እንድታስገባ ነው። ሳቀችብኝ። «ምሳዋንስ፣ ዩኒፎርሟንስ ማን የሚገዛ ይመስልሻል?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ለልጅቱ ምሳና ዩኒፎርም የሚወጣውም ለልጅቱ ጥቅም ነው። ሆኖም ባለፈው ወር ደብተሩን ከፍታ አሳየችኝ።

አሁን ወደ ላሚቱ እንመለስ። አባት ከጅቡቲ ሲመለሱ ነገሩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችል ነበር። ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ካሣ ያስከፍላል፤ ሆን ተብሎ ከተደረገም በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። እናትየው ግን ድንኳን የተከሉላቸውን ሰው መክሰስ አልፈለጉም። ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ኋላም የውሉ ምስክር የሆኑት እነሱ ናቸው። ጎረቤትየው አዋጁ ሲነበብላቸው ደነገጡና ያልተሸጡትን ካርዶች ከመደብሮቹ ሰበሰቡ። ለተሸጡት ተመጣጣኝ ገንዘብ ከፈሉ። ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት በውል ለማተም ጠየቁ፤ ያቀረቡት ዋጋ ለእናትየው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይሆናል።

አባትና እናት ተስማሙ። ልጁ ግን «አይሆንም» አለ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ምን እንደምናደርግ አውቃለሁ፤ «ልጅ ምን ያውቃል» ብለን እንፈርማለን። ሕጉም እጃችንን አይዘውም፤ የሚፈርመው ወላጅ ነው። በሌላ በኩል አገራችን በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለውና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። እናትየው ኮንቬንሽኑን አላነበቡም። ያደረጉት ግን ይህን ነው፤ ውሉን ሳይፈርሙ አቆዩትና ጎረቤታቸውን «ጋሼ፣ ፈቃዱን ከራሱ ይጠይቁት» አሏቸው።

ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከልጁ ጋር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ እናትየው ቡና ሲያፈሉ በከፊል ነው የሰሙት። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቁ። ልጁ «አበባው ወደ ራሷ ይመለሳል?» አለ። «ይመለሳል።» «ስሜስ?» «እሱም።» ከዚያም ልጁ አንድ ዓመት ብቻ እንዲሆን ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥዕል ሊሥል ነውና። ውሉ ላይ የሰፈረው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ገንዘቡ እኩሌታው ለቤት ኪራይ፣ እኩሌታው በልጁ ስም ባንክ ገባ። እናትየው ይህን ሲነግሩኝ ትንሽ አፈሩ፤ ለልጁ መጠለያ የተከፈለ ኪራይ የሚያሳፍር ሆኖ አልታየኝም።

የዚያ ዓመት ካርድ አንድ ቅጂ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ላሚቱ አበባዋን ተሸክማለች። ስሙም በቦታው ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል እንደተገለበጠች ናት። ማተሚያ ቤቱ ሊያቃናት ፈልጎ ልጁን አስፈቅዶ ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፊደሉን አሳምሮ ይጽፋል። «ተዋት፣» አለ፤ «ያኔ የጻፍኳት እንደዚያ ነው።»